ማታ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ

በዚያ ቤት ከእራት በፊት ጸሎት አለ፤ ከጸሎት በፊት ደግሞ ይቅርታ አለ። ይቅር ያልተባባለ አብሮ አይጸልይም፣ ያልጸለየም ማንኪያ አያነሣም። ሙሽሪት ወደ ቤቱ በገባች በመጀመሪያው ምሽት ይህን አታውቅም ነበርና ከሁሉ ቀድማ ወደ ዳቦው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ የኔ ልጅ» አሏት አማቷ እጇን ቀስ ብለው ይዘው። እንደያዙትም፣ «ይቅር በይኝ» አሏት።

ሙሽሪት ደነገጠች። «ኧረ እማማ! ምን አድርገውኝ?»

«ምንም። እንዲሁ ነው የሚባለው።»

«ምንም ሳያደርጉኝ ምኑን ይቅር ልበል?»

«ይቅር ብዬዎታለሁ በያት በቃ» አላት ባሏ እየሳቀ። «ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሙሽሪትም እየሳቀች የታዘዘችውን አለች። ከዚያ አባወራው ጋሽ ማሩ ተራውን ያዙ። መጀመሪያ ለሚስታቸው፣ ቀጥሎ ለልጃቸው፣ በመጨረሻ ለአዲሷ ምራታቸው፣ የእያንዳንዱን ዓይን እያዩ፣ «በውሎዬ በቃል በድዬህ፣ በድዬሽ ከሆነ ይቅር በሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ የመሰለ ነገር ነበር። በማግስቱ ሙሽሪት እኅቷ ጋ ደውላ፣ «የቅዱሳን ቤት ነው የገባሁት» አለቻት። «እኛ ቤት እኮ ኩርፊያ ከገባ አርጅቶ ነበር የሚወጣው።»

ጋሽ ማሩ ወላጅ ያወጣላቸው ስም አይደለም። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ሲያስታርቁ ከአፋቸው ማር ይንጠባጠባል ተብሎ ምእመኑ ያወጣላቸው ስም ነው። ቤታቸው ፊቱ የስፌት ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። መንገድ ዳር ባለው ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የካውያ ሰሌዳ አለ። በመጋረጃ በኩል ሲታለፍ የእራቱ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ፣ ከዚያ ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረው የሙሽሮቹ መኝታ ቤት ይመጣል። ቀለም ተቀብቶ እንኳ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ይሸታል።

ባሏን ሰፈሩ «መቀሱ» ይለዋል። ጨርቅ ቆራጭ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ከመቀሱ በቀር ከማንም ጋር አያወራም ለማለት ነው። ሙሽሪት ግን ያገባችው በተናገራት አንድ ቃል ነው። የሕፃናት መምህርት ናት፤ እናቷ የሞቱባት ገና ተማሪ ሳለች ነው። አንድ ጊዜ ቀሚሷን ራሷ ላሳጥር ብላ አጣምማ ቆረጠችውና በላስቲክ ጠቅልላ፣ እያፈረች ወደዚህ ስፌት ቤት አመጣችው። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አንድ እጁን እንደ ሕመምተኛ ግንባር አሳረፈበት። «ጨርቁ ነው ያስቸገረሽ» አላት። «እንዲህ ያለው ተንሸራታች ነው፤ እኔንም ያታልለኛል።» ጨርቁ ተራ ጥጥ ነበር፤ ማንንም አያታልልም። ሰውን ከኀፍረት ለማውጣት ጥፋቱን በጨርቅ የሚያላክክ ወንድ ካለ እሱን አገባለሁ ብላ ከስፌት ቤቱ ወጣች። አገባችውም።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካውያ ታግዛለች። የቤቱን ሌላ ድምፅ የሰማችው እዚያ ሆና ነው።

«አንተ እጀ ሰባራ!» ይላሉ ጋሽ ማሩ ከመኪናቸው ላይ ቀና ሳይሉ። «ይህ ብብት ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ? አንተ ስትቆርጥ እኮ ጨርቁ ‹ምነው በበግ ጀርባ ላይ በቀረሁ› ይላል።»

መቀሱ ጠመኔውን ያነሣና መስመሩን እንደገና ያሰምራል።

ለሚስታቸውም ስድብ አላቸው፤ ቁልፍ ለምትተክለውና ጠርዝ ለምትቀመቅመው ሠራተኛም አላቸው። ይህችን ሴት ሁሉም «ቁልፌ» ይላታል። ስድባቸው ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ ደንበኛ ሳይቀር አፉን ይዞ ይስቃል። ሙሽሪትን የገረማት ግን ስድቡ አልነበረም። ከባዱን ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያስቀድሟት አንዲት ቃል አለች፦ «ማታ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ አሁን ግን ስማኝ።»

«ለጋሽ ማሩ ይቅርታ ማለት እንደ ምሳ ዕቃ ነው» አለች ቁልፌ አንድ ቀን ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ጠዋት አዘጋጅተውት ነው የሚወጡት። የእኔማ ይብሳል! እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ስድቤን ይዤ ነው የምሄደው፤ ይቅርታዬን ማን እንደሚቀበልልኝ እንጃ።»

«እንዲህ አይባልም፣ ቁልፌ» አለቻት ሙሽሪት፣ ሳቋ ግን አመለጣት።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ! እኔ ምን አልኩ?»

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ማሩ አስመሳይ አልነበሩም። ማታ የሚጠይቁት ይቅርታ ከልባቸው ነው። አባታቸው በዱላ የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ በጋሽ ማሩ ጀርባ ላይ አሁንም ምልክቱ አለ። ባገቡ ጊዜ በሚስቴም በልጄም ላይ እጄን አላነሣም ብለው ተሳሉ፣ ስለታቸውንም ጠበቁ። ከዱላ ወደ ምላስ መውረድ ለእሳቸው ትልቅ መንገድ ነበር። ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ይሰብራል ቢባሉም የተሰበረ አጥንት አይታያቸውም። ማታ ሁሉም ይቅር ይላቸዋል፣ ሾርባው ይበላል፣ እንቅልፋቸው እንደ ሕፃን ነው።

ነገሩ የተበላሸው ለእሑድ የሚደርስ የመዘምራን ልብስ በሚሰፋበት ሳምንት ነው። ጨርቁ ከሩቅ የመጣ፣ ሰማያዊ፣ ትርፍ የሌለው ነበር። ሙሽሪት አንዱን ልብስ ሰሌዳው ላይ ዘርግታ ደረቱን ስትተኩስ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ ገቡ። አብረው ይግቡ እንጂ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በደንበኛ ፊት «ከቤቴ ውጪልኝ» ብሏታል። እሷም ወጥታለች። ጋሽ ማሩ መኪናውን አቁመው ወንበር ሰጧቸው። ብዙ አልጠየቁም።

«ሁለታችሁም ደክማችኋል» አሉ። «የደከመ ሰው ሲናገር የሚሰማው ድካሙ ነው። አንተ ‹ውጪልኝ› ስትላት የተናገረው የምድጃው ሙቀት ነው እንጂ አንተ አይደለህም፤ እኔ አንተን አውቅሃለሁ። እሷ ግን ከምድጃው ጋር አይደለም ያገባችው።» ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። ጋሽ ማሩ ከመኪናው ላይ የተጀመረ እጅጌ አነሡ። «እየው ይህን። ልብሱን የያዘው ጨርቁ ይመስልሃል። ክሩን ምዘዘውና እየው፤ እጅህ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነው። በባልና ሚስት መካከል ቃል እንደዚህ ነው፤ ሳይታይ ነው የሚይዘው። ጠዋት ስትወጣ አንድ ደግ ቃል ስፋባት። ውድ አይደለም፣ ሜትር አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ለብሳው ትውላለች።»

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች። ሙሽሪትም ካውያው ላይ እጇን እንዳሳረፈች እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሲወጡ፣ ክፍተቱ ጠፍቶ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ፣ ዓይኗ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ሽታው ያኔ መጣ። ካውያውን ብድግ ስታደርግ በሰማያዊው ደረት ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታተመ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ ጋሽ ማሩ። «ማነው?»

አማቷ ሳሙና በእጃቸው እንዳለ በመጋረጃው ብቅ ብለው ነበር። ሰሌዳውን አዩ፣ የሙሽሪትን ፊት አዩ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ላግዛት ብዬ ነው፣ ዘነጋሁት።»

«አንቺ ካልሆንሽማ ማን ይሆናል!» ጋሽ ማሩ ተነሡ። የሽምግልናው ማር ገና ከአፋቸው ሳይደርቅ ነው። «ማታ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ አሁን ግን ስሚኝ። አንቺ የነካሽው ሁሉ እንዳረረ ነው የኖረው። ድስትሽ ያርራል፣ ጨርቅሽ ያርራል። የሞቱት ሁለቱ ልጆቼስ በዚሁ እጅሽ ይዘሻቸው አይደል ያመለጡኝ? ያስቀረሽልኝም ይኸው፣ እጀ ሰባራ።»

የመቁረጫው ድምፅ ቀጥ አለ። ሙሽሪት ባሏን አየችው። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። በእጁ ያለው መቀስ ጨርቁን እንደገና መብላት ጀመረ፤ ክርት፣ ክርት፣ ክርት።

አማቷ የሳሙናውን አረፋ በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ እጃቸውን አገላብጠው እንደ ባዕድ ነገር አዩት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች ሙሽሪት። «እማማ አይደሉም። እርስዎን ስሰማ ነው የረሳሁት።»

ጋሽ ማሩ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ወዲያው ለሰለሰ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ውይ፣ ታዲያ ምን ይደረጋል የኔ ልጅ፤ ጨርቅ ነው፣ ይተካል። አትደንግጪ።» ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና መኪናቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ለሚስታቸው ያሉትን ግን አላነሡትም። አንዴ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደግሞም ማታ ይቅርታ አለ።

ማታ ድስቱ ጠረጴዛው መካከል ተቀመጠ። ጋሽ ማሩ በሚስታቸው ጀመሩ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ዛሬ በጣም በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ አማቷ፣ ቃሉ ሳያልቅ።

መቀሱ፣ «ይቅር ብያለሁ፣ አባዬ።»

የሙሽሪት ተራ ደረሰ። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣም። እንደገና ሞከረች። «ዛሬ አልችልም» አለች።

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺን ምን አደረግኩሽ?» አሉ ጋሽ ማሩ፣ በዚያው በሽምግልናቸው ድምፅ። «ጨርቁ ይተካል አልኩሽ እንጂ።»

«እኔን ምንም አላደረጉኝም። ለእኔ ያሉት ደግ ነው። ያው እሳት፣ ያው ጨርቅ ሆኖ ለእማማ ያሉት ግን ሌላ ነው።»

«እሷ ይቅር ብላኛለች። ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ግን አባባ፣ ይቅርታ ጠየቁ እንጂ ያልኩት ውሸት ነው አላሉም። የልጆቹ ነገር እኮ አሁንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።»

«በይ፣ የኔ ልጅ» አሉ አማቷ ክንዷን ይዘው። «አፈር ስሆን። ቃል ብቻ ነው።»

ሙሽሪት ባሏን አየች። መቀሱ ማንኪያውን እያስተካከለ ነበር፤ ከሳህኑ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ። ጋሽ ማሩ ብድግ አሉ። አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ የነበረው እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ለዓመታት በየማታው የተከፈተላቸው በር ዛሬ የተዘጋባቸው ሰው ሐዘን። ወደ መኝታቸው ገቡ። ሾርባው እንደ ቀረበ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት መቀሱ የስፌት ቤቱን በር ሲከፍት አጠገቡ ቆመች።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«እናቴ ይቅር ካለች እኔ ምን አገባኝ? አንቺስ ምን አገባሽ?»

«ሁለቱ ልጆች እኮ ወንድሞችህ ናቸው።»

ቁልፉን በእጁ አገላበጠው። «በዚያ ጠረጴዛ ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነው ያደግኩት። የተባለው ሁሉ ከላይ ነው የሚወርድብኝ። ማታ ይቅር እላለሁ፣ አበቃ። ከይቅርታ በኋላ ማሰብ ቂም ነው፣ ቂም ደግሞ ኃጢአት ነው። ሆድ ይፍጀው ነው የኛ ነገር።»

«ሌላ ቤት እንፈልግ።»

«እሷን ትቼ?»

«እኔ አባባን አይደለም የምፈራው» አለች። «እዚህ ቤት ስንኖር አንተ እንዳትጠፋብኝ ነው የምፈራው። እኔ ለአንድ ቃል ብዬ ነው ያገባሁህ፤ ያ ቃል እንዳይጠፋ ነው።»

ፈገግ አለ። «ጨርቁ ነው ያስቸገረሽ የሚለውን?»

«እሱን።»

«እሱማ የት ይሄዳል» አለና በሩን ገፋው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጸሎት ቀረ። ይቅር ያልተባባለ አብሮ አይጸልይምና ማንም አብሮ አልጸለየም። እያንዳንዱ ለብቻው እየጸለየ፣ ጋሽ ማሩ እራታቸውን መኝታ ቤታቸው፣ አማቷ ወጥ ቤት ቆመው፣ ሙሽሮቹ ክፍላቸው ውስጥ መብላት ጀመሩ። የተጣሉ ሰዎች መጥተው ያስታርቁን ሲሉ ጋሽ ማሩ፣ «በቤቴ ሰላም ሳይኖር ምን አፍ አለኝ» ብለው መለሷቸው።

ነገር ግን በስፌት ቤቱ ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ስድቡም ቀረ። ጋሽ ማሩ አንድ ቀን መቀሱ የቆረጠውን ኮሌታ አንሥተው፣ «አንተ እጀ—» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ የማታውን አሰቡ። «መስመሩን ልብ በለው» አሉ ቀስ ብለው፣ ኮሌታውንም አስቀመጡት። ማታ የሚራገፍበት የለምና ቀን የሚጫነውን መምረጥ ነበረባቸው።

ቁልፌ መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ወደ ካውያው ሰሌዳ ጠጋ ብላ፣ «ሙሽሪትዬ፣ በሞቴ!» አለች በሹክሹክታ። «በሞቴ ይቅር እንዳትይ! ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ ሰው የሆንኩት በዚህ ሳምንት ነው።»

ሙሽሪትም ተስፋ አደረገች። ትንሽ ቢቆይ፣ ብላ አሰበች፤ ትንሽ ቢቆይ አንደበታቸው ይለምደዋል። ቤቱ ግን እንደ ቁልፌ አልተደሰተም። አማቷ እየከሱ ሄዱ። ማታ ማታ ባዶውን የእራት ጠረጴዛ እየጠረጉ ይቆማሉ። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ መቀሱ ነበር። ስድብ በሌለበት እጁ ጠፋበት። ጠመኔውን ይዞ ጨርቁ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አባቱን ቀና ብሎ ያያል፤ አባቱ ዝም ሲሉ ላብ ያጠምቀዋል። የሚወርድ ዱላ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዱላው ቢቀር ጀርባው ወዲያው አይቀናም። «ሰውየውን ገደልሽው» አላት አንድ ቀን በመኝታ ቤታቸው በር ላይ። ማንን እንደሆነ አልነገራትም።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሙሽሪት ለባሏ ሻይ አፍልታ አመጣችለት። የተቃጠለውን የሚተካው ሰማያዊ ጨርቅ በመከራ ተገኝቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ በጠመኔም ተሰምሯል። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ የመለኪያ ሜትሩ ጫፍ ክንዷን ያዘው። ሻዩ በጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ! ይቅር—» አለች።

መቀሱ በእጁ የያዘውን መቀስ ወረወረ። «አንቺ!» አለ። ድምፁ የእሱ አልነበረም። ሁሉም ወዲያው አወቁት። «ከገባሽ ጀምሮ የነካሽው ሁሉ እየተበላሸ ነው። ቤቱን በተንሽው፣ አባቴን አስራብሽው፣ እናቴን አከሳሻት። ማታ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ አሁን ግን ስሚኝ። እናትሽ ምግባር ሳታስተምርሽ ነው የሞተችው!»

የጋሽ ማሩ መኪና ቆመ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ ያለፈው ድንጋጤ ነበር፤ በመስታወት ውስጥ የራሱን ጀርባ ያየ ሰው ድንጋጤ። ሙሽሪት አይታዋለች። ቀጥሎ ግን ትከሻቸው ዝቅ አለ፣ ትንፋሻቸው ወጣ። ልጁ ማታ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሏል። ዛሬ ማታ ጠረጴዛው ይቀርባል።

ቁልፌ ክሩን በጠሰች። ዕቃዋን ሰብስባ ሰዓቷ ሳይደርስ ወጣች።

ሙሽሪት ወጥ ቤት ገባች። አማቷ ሾርባ እያማሰሉ ነበር፤ በትልቁ ድስት፣ ለአራት ሰው። ሁሉንም ሰምተዋል።

«እኔም እንዳንቺ ሞክሬ ነበር» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሁለተኛው ልጄ በሞተ ጊዜ። አባቱ ያንኑ ነገር ተናገረኝ፤ በዚሁ እጅሽ ብሎ። እኔም አፌን ዘጋሁበት። ክረምቱ እስኪወጣ አንድ ቃል አልሰጠሁትም። ሽማግሌዎች መጡ። ምን ይደረግልሽ አሉኝ። ሌላ አልፈልግም፤ ላስቀየመኝ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ እህል አይቅመስ አልኩ። ደስ አላቸው፣ እሱም ደስ አለው፣ አለቀሰ። ይቅርታውን ወደዚህ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። አፉን የሚገታው መስሎኝ ነው።» ማንኪያውን በድስቱ ጠርዝ አራገፉ። «ቀን መሳደቡ፣ ማታ መራገፉ እንዲቀልለት ያደረግኩት ግን እኔው ሆንኩ።»

ሙሽሪት ከኋላ አቀፈቻቸው። ትከሻቸው አጥንት ብቻ ሆኗል።

ማታ አራቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ድስቱ መካከል ሆኖ ይጨሳል። ጋሽ ማሩ ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። «ዛሬ ልጄ ይቅደም» አሉ።

መቀሱ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «በድዬሻለሁ» አለ። «ይቅር በይኝ።» እውነቱን ነበር፤ የከፋውም እውነቱን መሆኑ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ፣ ልክ በመጀመሪያው ምሽት የሰማችውን የአባቱን ድምፅ የመሰለ ነበር።

«አመመኝ» አለች ሙሽሪት።

ለዚህ ቃል በዚያ ቤት የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

«ምን?»

«እናቴን ስታነሣ አመመኝ። አሁንም እያመመኝ ነው። ይቅር ልልህ እፈልጋለሁ።»

«ይቅርታ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ሰማሁህ። ሌላ የምትለኝ ካለ ግን በለኝ። የዚያን ቀን ቀሚሴን አበላሽቼ ስመጣ እንዳልከኝ ያለ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

መቀሱ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ፈለገ፤ ሲፈልግ ታየ። ከዚያ ዓይኑ ድስቱ ላይ ወደቀ።

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አለ።

አማቷ ተነሡ። ከመደርደሪያው ክዳኑን አውርደው ድስቱን ከደኑት፣ ተመልሰውም ተቀመጡ፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ይቆይ» አሉ።

ጋሽ ማሩ ሚስታቸውን አዩ። ሙሽሪት ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳታነሣ ጠበቀች።

መቀሱ ግን ወደ እሷ አልዞረም። ምን እንደሚባል ለማወቅ አባቱን አየ።